ኬክስ ወይስ ኬክ’ስ? ጡረተኛዋ መምህርት ለአንባቢያን ትመልሳለች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ አንዲት ጭረት ናቸው፤ ከፊደል ራስጌ ስለምትንጠለጠለው፣ እንግሊዞች አፖስትሮፍ ስለሚሏት። በደሴና በአዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሳስተምር፣ ከዚያም ማተሚያ ቤት ገብቼ እርማት ስሠራ፣ የቀይ እስክሪብቶዬን ቀለም ከሁሉ በላይ የጨረሰችው እርሷ ናት። ስለዚህ ሌላውን ጥያቄ ለሚቀጥለው ወር አቆይቼ ገጹን ለእርሷ ብቻ ሰጥቻለሁ። የእንግሊዝኛውን ቃል በእኛው ፊደል እንደ ድምፁ እጽፈዋለሁ፤ ጭረቷን ግን በእንግሊዝኛው በምትቀመጥበት ቦታ አኖራታለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«እትዬ መምህርት፣ የኬክና የጭማቂ ቤት ልከፍት ነው። ታፔላ ጸሐፊው ‹ኬክ’ስ› እና ‹ስናክ’ስ› የሚል ንድፍ አመጣልኝ። እኅቴ ጭረቷ አታስፈልግም ትላለች። ጸሐፊው ደግሞ ‹ትልልቆቹ ቤቶች ሁሉ አላቸው፣ ያለ እርሷ ባዶ ይመስላል› ብሎ ሞገተኝ። ማንን ልስማ?» — ባለ ኬክ ቤት፣ ከባሕር ዳር

እኅትህን ስማ። ደግሞም ገና ንድፍ ላይ ሳለ መጠየቅህ በጀህ፤ ቆርቆሮው ላይ ከተጻፈ በኋላ ማስፋቅ ገንዘብ ነው።

እንግሊዝኛ ነገርን ሲያበዛ ኤስን ይጨምራል፤ ጭረት አይጨምርም። ኬክ፣ ኬክስ። ስናክ፣ ስናክስ። ‹ኬክ’ስ› ብለህ ከሰቀልህ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ደንበኛ ‹የኬኩ› ብሎ ያነብና የኬኩ ምኑ እንደሆነ ለማወቅ ቀጣዩን ቃል ይፈልጋል። ቀጣዩ ቃል የለም።

ታፔላ ጸሐፊውን ግን አትቆጣው። በዓይኑ ያየውን ነው የቀዳው። ማክዶናልድ’ስ ላይ፣ ዶሚኖ’ስ ላይ፣ ኬሎግ’ስ ላይ ጭረቷን አይቷታል። እነዚያ ግን የሰው ወይም የድርጅት ስም ይዘው ‹የእገሌ› የሚሉ ናቸው። ቤትህን በእናትህ ስም ብትሰይመው፣ እናትህም አልማዝ ቢሆኑ፣ ታፔላው ‹አልማዝ’ስ ኬክስ› ይላል። መጀመሪያው ላይ ባለቤት አለ፣ ጭረት ይገባዋል። ሁለተኛው ላይ ኬክ በዝቷል እንጂ የማንም ባለቤት አልሆነም። ጸሐፊህ ጭረቷን የግድ ካልሳልሁ ካለ በዚህ መንገድ አስደስተው፤ እናትህም ደስ ይላቸዋል።

እንግሊዞች ራሳቸው ለዚህ ስሕተት ስም አውጥተውለታል፤ ‹የአትክልት ነጋዴው አፖስትሮፍ› ይሉታል፣ በድንችና በሙዝ መደብ ላይ በሚሰካ የዋጋ ካርቶን ላይ ስለሚበዛ። ስሙ ንቀት አለበት፤ እኔ አልወደውም። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት እኮ የተማሩት ሰዎች ናቸው ‹ኦፔራ’ስ› እያሉ፣ በአናባቢ የሚያልቅ የባዕድ ቃል ሲበዛ ጭረት የሚጨምሩበት። ደንቡ ተቀየረና ነጋዴው ብቻውን ተወቃሽ ሆኖ ቀረ።

አንድ ቦታ ብቻ ለብዙ ቁጥር ትፈቀዳለች፤ ነጠላ ፊደል ሲበዛ። የትምህርት ማስረጃህ ላይ ብዙ ኤ ካለህ ‹ኤ’ስ› ብለህ በጭረት ትጽፋለህ፤ ያለ ጭረት ከተጻፈ ‹አዝ› የሚባለውን ሌላ ቃል ይመስላልና። በቁጥር ለሚጻፉ ዘመናት ግን፣ ማለትም ለ1990ዎቹና ለመሰሎቻቸው፣ ዛሬ አትጨምርም። ኒውዮርክ ታይምስ ለረጅም ጊዜ ይጨምር ነበር፤ እርሱም ተወው።

«መምህርት፣ የማስተርስ ጽሑፌን አማካሪዬ ሲመልስልኝ ‹ኢት’ስ› የሚለውን በየገጹ በቀይ ከብቦት ነበር። ምን እንዳጠፋሁ አልጻፈም። ‹ዘ ካምፓኒ’ስ› ትክክል ከሆነ ‹ኢት’ስ› ለምን ስሕተት ይሆናል?» — የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ከሐዋሳ

ልጄ፣ ክብ ሠርቶ ዝም ማለት ማስተማር አይደለም፤ ይህንን ለአማካሪሽ ባትነግሪውም እኔ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄሽ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። ስም ባለቤት ሲሆን ጭረት ይይዛል፤ ተውላጠ ስም አይይዝም። ሂዝ፣ ኸርስ፣ አወርስ፣ ዩርስ፣ ዜርስ፣ አንዳቸውም ጭረት የላቸውም። ሂዝ ላይ ጭረት ልጨምር ብሎ የሚያስብ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ኢትስ የሂዝ ወንድም ነው፤ እንደ ወንድሙ ያለ ጭረት ይኖራል። ጭረት ያለው ‹ኢት’ስ› ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ ‹ኢት ኢዝ› ወይም ‹ኢት ሃዝ› የሚለው ሁለት ቃል ተጣብቆ፣ የጎደለው ፊደል ቦታ ላይ ጭረት ተተክቶበት ነው። ‹ሁዝ› እና ‹ሁ’ዝ›፣ ‹ዩር› እና ‹ዩ’ር› የሚሳሳቱትም በዚሁ ነው። ስትጠራጠሪ ዘርግተሽ አንብቢው። ‹ኩባንያው ዋጋውን ጨመረ› ለማለት በጻፍሽው ውስጥ ‹ኢት ኢዝ ፕራይስ› ብለሽ ስትዘረጊው ጆሮሽ ራሱ ይመልስልሻል።

አሁን ለአንቺ ብቻ የሚሆን አቋራጭ ልንገርሽ። በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የተጣበቀ ቃል አይጻፍም፤ ‹ዶን’ት› እና ‹ካን’ት› ተዘርግተው ይጻፋሉ። እንግዲህ ‹ኢት’ስ› በጽሑፍሽ ውስጥ የትም ቦታ ትክክል ሊሆን አይችልም፣ የሌላ ሰው ንግግር ቃል በቃል ካልጠቀስሽ በስተቀር። ኮምፒውተሩን ፈልግ በይው፣ አንድ በአንድ ያምጣልሽ፤ ወይ ጭረቷን አጥፊያት፣ ወይ ‹ኢት ኢዝ› ብለሽ ዘርጊው። የፊት ገጹንም እግረ መንገድሽን እዪ፦ ‹ማስተር’ስ ዲግሪ› ጭረት አለው፤ ‹ማስተር ኦፍ አርትስ› ሲሆን የለውም።

ብቻሽን የተሳሳትሽ እንዳይመስልሽም፣ በ1787 ፊላዴልፊያ ላይ በእጅ የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 ክፍል 10 ላይ፣ ግዛቶች በገቢና በወጪ ዕቃ ላይ ስለሚጥሉት ቀረጥ በሚናገርበት ቦታ፣ ‹የራሱ› ለማለት ‹ኢት’ስ› ተብሎ ከነጭረቱ ተጽፏል። በዚያ ዘመን ሁለቱም ይጻፍ ነበር። ይህ ማስረጃ ግን ውጤት አያስጨምርልሽም።

«እትዬ፣ ባለቤቴ ዮሐንስ ይባላል፤ እዚህ አገር የቤተሰቡ ስም እርሱ ሆኗል። የገና ካርድ ላሳትም ነበር፣ ልጄ ‹ዘ ዮሐንስ’ስ ብለሽ እንዳትጽፊ› አለችኝ። ሌላው ደግሞ ከትምህርት ቤት የሚመጣው ወረቀት አንዴ ‹ፓረንት’ስ›፣ አንዴ ‹ፓረንትስ’› ይላል።» — እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ልጅዎ ልክ ናት። ካርዱ የሚለው ‹ከዮሐንሶች› ነው፤ ብዙ ሰው እንጂ የማንም ንብረት አይደለም። የከበደ ቤተሰብ ቢሆኑ ኤስ ብቻ ጨምረው ‹ዘ ከበደስ› ይሉ ነበር። የእናንተ ስም ግን ራሱ በኤስ ስለሚያልቅ ኢ እና ኤስ ተጨምሮ ‹ዘ ዮሐንሲዝ› ይሆናል፤ የፈረንጅ ጆንስ ‹ዘ ጆንሲዝ› እንደሚሆነው ማለት ነው። ለዓይን ካስጠላዎት ‹ዘ ዮሐንስ ፋሚሊ› ይበሉትና ይገላገሉ። እኔ ብሆን ይህንን ነበር የማሳትመው።

‹የዮሐንስ መኪና› ለማለት ሲፈልጉ ነው ክርክሩ የሚመጣው። ‹ዮሐንስ’ስ› ነው ወይስ ‹ዮሐንስ’›? እዚያው እርስዎ አጠገብ ዋሽንግተን ውስጥ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች እንኳ አልተስማሙም። በ2006 በካንሳስ ግዛት ጉዳይ ላይ በተሰጠ ውሳኔ፣ የብዙኃኑን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ጭረቷን መጨረሻ ላይ ብቻ አድርገው ‹ካንሳስ’› ሲሉ፣ የተቃወሙት ዳኛ ዴቪድ ሱተር ኤስ ጨምረው ‹ካንሳስ’ስ› ብለዋል። ሲጻፍ በኤስ የሚያልቀው የአርካንሶ ግዛት ምክር ቤት በ2007 ነገሩን በውሳኔ ዘግቶ ኤሱ ይጨመር ብሏል። የዜና ወኪሉ የአሶሺየትድ ፕሬስ የአጻጻፍ መመሪያ በኤስ ለሚያልቅ የተጸውዖ ስም ጭረቷ ብቻ ትበቃለች ይላል፤ የቺካጎ የአጻጻፍ መመሪያ ኤስ ይጨመር ይላል። እግር ኳስ የሚከታተሉ ልጆችዎን ቢጠይቋቸው ደግሞ የኒውካስል ስታዲየም ‹ሴንት ጄምስ’ ፓርክ› መሆኑን ይነግሩዎታል፤ ለንደን ያለው መናፈሻ ‹ሴንት ጄምስ’ስ› ነው፤ የኤክሰተር ሲቲ ሜዳ ደግሞ ምንም ጭረት የለውም። ሦስቱም ቅዱስ ያዕቆብ በሚል አንድ ስም ይጠራሉ። የእኔ ምርጫ አፍን መከተል ነው፤ ስንናገር ሁለተኛውን ኤስ የምናሰማ ከሆነ እንጽፈዋለን። የመረጡትን ግን ከገጽ ገጽ አይቀያይሩ።

የትምህርት ቤቱ ወረቀት ‹ፓረንትስ’› ያለበት ቀን ትክክል ነበር። መጀመሪያ ባለቤቱን ለብቻው ይጻፉት። አንድ ወላጅ ከሆነ ፓረንት፤ ጭረቷ ከእርሱ በኋላ ትመጣለች። ብዙ ወላጆች ከሆኑ ፓረንትስ፤ ጭረቷ ከኤሱም በኋላ ናት። ልጆች ግን ያለ ኤስ ችልድረን ስለሚባሉ ‹ችልድረን’ስ› ብቻ ነው፤ ‹ችልድረንስ’› የሚባል ነገር የለም። የእናቶች ቀን ሲደርስ ደግሞ ‹ማዘር’ስ ዴይ› ብለው በነጠላ ይጻፉ፤ በ1912 ስሙን ያስመዘገበችው አና ጃርቪስ ቀኑ እያንዳንዱ ሰው የራሱን እናት የሚያከብርበት እንጂ የእናቶች ሁሉ የጅምላ በዓል አይደለም ብላ ጭረቷን ከኤሱ በፊት አስቀምጣታለች። የጦር አርበኞቹ ‹ቬተራንስ ዴይ› በበኩሉ በመንግሥት አጻጻፍ ጭረት የለውም።

«እትዬ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ። ሥራ ለመልቀቅ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ እሰጣለሁ ብዬ ደብዳቤ ልጽፍ ነው። ወር ባለቤት ይሆናል እንዴ?» — ከዱባይ

በእንግሊዝኛ ይሆናል። የጊዜ መጠን እንደ ባለቤት ይቆጠራል። አንድ ወር ከሆነ ‹ዋን መንዝ’ስ ኖቲስ›፣ ሁለት ሳምንት ከሆነ ‹ቱ ዊክስ’ ኖቲስ›። የሐኪም ወረቀት ካያያዝሽበትም አንድ ሐኪም ከፈረመ ‹ዶክተር’ስ ኖት› ነው። ደብዳቤውን ከመስጠትሽ በፊት ግን ከጭረቷ ይልቅ ውልሽ ላይ የተጻፈውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደግመሽ አንብቢ።

«መምህርት፣ በቁቤ ስሜ ሲጻፍ መሐሉ ላይ ሁዻ አለበት። የአውሮፕላን ትኬት በኢንተርኔት ልቆርጥ ስል ‹የተሳሳተ ስም› እያለ በቀይ ይመልሰኛል። ጭረቷን በክፍት ቦታ ልተካት?» — ወጣት፣ ከጅማ

አይሆንም፤ ክፍት ቦታ እንዳትተው! ክፍት ቦታ ስምህን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ትኬትህና ፓስፖርትህ ሳይመሳሰሉ ይቀሩና አየር ማረፊያ ላይ ጣጣ ይመጣብሃል።

በመጀመሪያ ነገሩን ለይተን እንየው። ሁዻ የእንግሊዝኛው አፖስትሮፍ አይደለችም፣ መልካቸው ብቻ ነው አንድ። የእንግሊዝኛዋ ራሷ ድምፅ የላትም። ሁዻ ግን ጉሮሮ ለቅጽበት ተዘግቶ የሚፈጥረው ድምፅ ናት፤ ‹ቡኣ› ለማለት በቁቤ ስትጽፍ በሁለቱ አናባቢዎች መካከል የምትቆመው እርሷ ናት። በአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ውስጥ እርሷን መጣል ፊደል መጣል ነው፤ ስለዚህ በራስህ ቋንቋ ስትጽፍ ማንም ቢልህ አትተዋት።

ትኬት ላይ ያለው ችግር የማሽን ነው። ብዙ የመረጃ ቋት የሚታዘዝበት ኤስኪውኤል የሚባለው ቋንቋ ጭረቷን ‹ጽሑፉ እዚህ አለቀ› የሚል ምልክት አድርጎ ይጠቀምባታል፤ ቅጹን የሠራው ሰው ካልተጠነቀቀ ስምህ መሐል ላይ የተቆረጠ ይመስለዋል። አንዳንዱም ከነጭራሹ ይከለክላታል። አየርላንዶቹ እነ ኦ’ኮነርም በዚሁ ሲማረሩ ይኖራሉ። መፍትሔው ፓስፖርትህ ላይ አለ። ፎቶህ ካለበት ገጽ ግርጌ፣ የማዕዘን ምልክት የበዛባቸውን ሁለት መስመሮች እይ። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ በእነዚያ መስመሮች ላይ ጭረቷ ተዘልላ ፊደሎቹ እንዲገጣጠሙ ያዝዛል። ትኬቱን እዚያ እንዳለው፣ ያለ ጭረትና ያለ ክፍት ቦታ፣ ቁረጥ።

«የተከበሩ መምህርት፣ ለንደን ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። በፒካዲሊ መስመር ላይ ‹ኧርል’ስ ኮርት› ጭረት አለው፤ ቀጣዩ ጣቢያ ‹ባሮንስ ኮርት› የለውም። ባለቤቶቹ ካልተስማሙ እኛ ምን ቤት ነን?» — ከለንደን

ወንድሜ፣ እርስዎ በየቀኑ የሚያዩትን እኔ በካርታ ላይ ነው የማውቀው፤ ግን ጥሩ ቦታ ነክተዋል። የቦታና የድርጅት ስም ሕግ አያውቅም፣ ባለቤቱ እንደወደደ ነው። ሎይድስ ባንክ ጭረት የለውም፤ የኢንሹራንሱ ሎይድ’ስ አለው። ሃሮድስ የለውም፤ ሴንስበሪ’ስ አለው። የመጻሕፍት መደብሩ ዋተርስቶንስ ነበረው፣ በ2012 ጣለው፤ ለኢንተርኔት አድራሻ ይቀላል በሚል ምክንያት። ላንድስ’ ኤንድ የሚባለው የአሜሪካ ልብስ ሻጭ ደግሞ በ1963 ሲቋቋም ጭረቷ በመጀመሪያው የታተመ ወረቀቱ ላይ በስሕተት ያለቦታዋ ገባች፤ ለማሳተም እንደገና ገንዘብ አልነበረም፣ ስሕተቱ ስም ሆኖ ቀረ።

መንግሥታቱም እንዲሁ ናቸው። የአሜሪካ የቦታ ስሞች ቦርድ ከተቋቋመበት ከ1890 ጀምሮ የባለቤትነት ጭረትን ከካርታ ላይ ሲያስወግድ ኖሯል፤ በ1933 የተፈቀደላትን ማርታ’ስ ቪንያርድን ጨምሮ ለጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው የተመለሰላቸው። የእንግሊዟ በርሚንግሃም በ2009 ከመንገድ ምልክቶቿ ላይ መተዋን አስታወቀች። ኬምብሪጅም በአዳዲስ የመንገድ ስሞች ላይ ከልክላ ነበር፤ ሰዎች በሌሊት በጥቁር እስክሪብቶ እየዞሩ መልሰው ሳሏት፣ ከተማዪቱም በ2014 ውሳኔዋን ሻረች። ሊንከንሻየር ውስጥ ጆን ሪቻርድስ የሚባሉ ጡረተኛ ጋዜጠኛ በ2001 ለዚህች ምልክት ጥበቃ ማኅበር አቋቁመው፣ በ2019 በ96 ዓመታቸው ድንቁርናና ስንፍና አሸነፉ ብለው ዘጉት። እኔ በስንፍናው አልስማማም። ከተማ በታፔላ ላይ ቢተዋት ማንም አይሞትም፣ የቦታው ስም አይጠፋም። ደብዳቤ ላይ ግን የአንድ ሐኪምና የብዙ ሐኪሞች ልዩነት የምትነግረን እርሷ ብቻ ናት። ስለዚህ እርስዎ ተሳፋሪው የነገረዎትን ጣቢያ እንደ ታፔላው ይጻፉ፣ የራስዎን ጽሑፍ ደግሞ እንደ ደንቡ።

«መምህርት፣ ‹ዳዝ’ንት› ብዬ ጽፌ ግማሽ ማርክ ተቀነሰብኝ። ጭረቷ እኮ አለች!» — የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደሴ

አለች፤ ግን ቤቷን ስታለች። ጭረቷ የምትቆመው ፊደል በወደቀበት ቦታ ነው፣ ሁለቱ ቃላት በተገናኙበት አይደለም። ‹ዳዝ ኖት› ሲጣበቅ የወደቀው ከኤን በኋላ ያለው ኦ ነው፤ ስለዚህ ‹ዳዝን’ት›። ‹ኦ’ክሎክ› ውስጥ ከ‹ኦፍ ዘ ክሎክ› ብዙ ፊደል ወድቋል፣ ጭረቷ ግን አንድ ናት። ‹የከበደ› በሚለው ላይ እንኳ ይኸው ነገር አለ፦ የድሮው እንግሊዝኛ ባለቤትነትን በኢ እና ኤስ ይጽፍ ነበር፣ ኢው ወደቀና ጭረቷ ቦታውን ያዘች። እኛ ‹የእኔ› ብለን ‹የኔ› ስንል ምንም ምልክት አንተውም፤ እነርሱ ይተዋሉ።

‹ዊል ኖት› ለምን ‹ዎን’ት› ይሆናል ብለህ ደግሞ ልትጽፍልኝ እንደምትችል አውቃለሁ። ዊል ድሮ ‹ዎል› ተብሎም ይነገር ስለነበር ነው። ‹ሹድ’ቭ› የምትለዋን ደግሞ ጆሮህን አምነህ ‹ሹድ ኦፍ› ብለህ እንዳትጽፍ፤ ‹ሹድ ሃቭ› ናት። በስልክ ስትጽፍ በቃል መጀመሪያ ላይ ያለችውን ጭረት መሣሪያው ወደ ግራ ገልብጦ የጥቅስ መክፈቻ ያደርጋታል፤ ሁለት ጊዜ ነካና የመጀመሪያዋን ሰርዝ፣ ሁለተኛዋ በትክክል ትዞራለች። ግማሿን ማርክ ግን መምህርህ በትክክል ነው የቀነሰው።